አሳኢ፦ ፍሬው ስንት ያወጣል፣ ወሬውስ?

እሁድ ስለሆነ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም፤ እንደተለመደው ትምህርት ነው። የዛሬው ከቡናም ከእህልም ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ስታነቡት ከሥራችን ያን ያህል እንዳልራቀ ታያላችሁ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሁለት ጥያቄ ደረሰኝ። አንደኛው ሰሊጥ የሚነግድ ወንድማችን ነው። የአሳኢ ዱቄት ከውጭ አቀርብልሃለሁ የሚል ሰው አግኝቷል። «ሱፐር ፉድ ነው፣ እዚህ ገና ማንም አልያዘውም፣ ቅድሚያ ክፍያ ልላክ ወይ?» ይላል። ሁለተኛዋ እህታችን ናት። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከአሜሪካ ዘመድ የአሳኢ ካፕሱል ልኮላቸው፣ «ይሄ ከተፈጥሮ ነው» ብለው የሐኪሙን ኪኒን ለመተው ዳር ዳር እያሉ ነው። «እንዲህ ውድ የሆነው ቢሠራ አይደል እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ለእሷ መልሱን ከፊት ላስቀድም። ኪኒኑ አይቆምም። ካፕሱሉን ቢወስዱም ባይወስዱም ኪኒኑ አይቆምም፤ ካፕሱሉን መውሰዳቸውንም ሐኪማቸው ይወቅ። እኔ ደላላ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ምክንያቱን ወደታች በቁጥር አሳያችኋለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። ምንም ነገር ከመግዛታችን በፊት ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚለቅመው፣ ደረጃው እንዴት እንደሚወጣ እንጠይቃለን አይደል?

አሳኢ የዘንባባ ዘር ዛፍ ፍሬ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ተሳስተው «አካይ» የሚሉት አሉ፤ ብራዚሎቹ ግን የመጨረሻዋን ፊደል ጠበቅ አድርገው «አሳኢ» ነው የሚሉት። አገሩ የአማዞን ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ረግረግ ነው፣ በተለይ የፓራ ክፍለ ግዛት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በየቀኑ የምናወራለት የብራዚል ቡና ከሚመረትበት ከሚናስ ዤራይስ በጣም ሩቅ ነው። ያኛው ደጋ፣ ይሄኛው ውኃ የሚተኛበት ጫካ። ስለዚህ «ብራዚል ውርጭ መታት» ሲባል አሳኢ አብሮ ይወደዳል ብላችሁ እንዳትገምቱ።

ፍሬው ወይን ያክላል፣ ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ ነው። ችግሩ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ፍሬ ነው፤ ማለቴ ውስጡ ያለው ጠንካራ ዘር። የሚበላው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ዛፉ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ከ20 ሜትር የሚያልፍም አለ። ለቃሚው እግሮቹን በቅጠል ወይም በጆንያ በተሠራ ቀለበት አስሮ፣ ቢላ ይዞ፣ ግንዱን አቅፎ ይወጣል። ግንዱ ከባድ ሰው ስለማይችል ብዙ ጊዜ የሚወጡት ቀላሎቹ ናቸው፤ ልጆችም ይወጣሉ። መውደቅ አለ፣ በራስ ቢላ መቆረጥ አለ፣ እባብ አለ። «ንጹሕ፣ ተፈጥሯዊ» የሚለው ማስታወቂያ ላይ ይሄ አይጻፍም።

ገበያው ደግሞ እኛን የሚመስል ነው። የፓራ ዋና ከተማ ቤሌም ናት። እዚያ ወንዝ ዳር «ቬር ኦ ፔዙ» የሚባል ትልቅ ገበያ አለ፤ ሲተረጎም «ሚዛኑን እይ» እንደማለት ነው። ስሙ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ለቀረጥ ዕቃ ይመዝኑበት ከነበረው ቤት ነው። ደላላ ሆኜ ይሄን ስም አለመውደድ አልችልም! ከጎኑ የአሳኢ ገበያ አለ። ጎህ ሳይቀድ ጀልባዎች ከየደሴቱ ቅርጫት ሙሉ ፍሬ ያራግፋሉ፣ ዋጋ እዚያው ይቆረጣል፣ ማለዳ ላይ ያልቃል። ማለቅም አለበት፤ የተለቀመ አሳኢ ከአንድ ቀን ብዙም ሳይሻገር መበላሸት ይጀምራል። እሸት ቡና ተለቅሞ ሳይፈለፈል ሲያድር ምን እንደሚሆን የምታውቁ ይገባችኋል።

ወቅትም አለው። በወንዙ መግቢያ አካባቢ ዋናው ምርት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ይሳሳል፤ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል።

ገዢዎቹ ማሽን ያላቸው ትንንሽ ጨማቂዎች ናቸው። ፍሬውን በሙቅ ውኃ ያለሰልሳሉ፣ ማሽን ውስጥ ከውኃ ጋር ያሻሉ፣ ወፍራም ሐምራዊ ነገር ይወጣል። ዛሬ አለን ለማለት ደጃፋቸው ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ ልክ ጠላ ቤት ደጅ ላይ ጣሳ እንደሚሰቀለው። የቤሌም ሰው ይህን ከምሳው ጋር ነው የሚበላው፦ ከካሳቫ ዱቄት ጋር፣ ከተጠበሰ ዓሣ ወይም ከደረቀ ሽሪምፕ ጋር። ብዙዎቹ ስኳር አይጨምሩበትም። ጣፋጭ ፍሬ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ተውት። መሬት መሬት የሚል፣ ቅባት ያለው ነገር ነው። ለእነሱ መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው፤ የድሃ ሰው ምግብ።

ደረጃውን ስሙኝ፣ የዛሬው ትምህርት ልቡ እዚህ ነው። የብራዚል ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መስፈርት የተጨመቀ አሳኢ በሦስት ይመደባል። መለኪያው ውኃው ቢተን የሚቀረው ደረቅ ነገር ነው። ከ14 በመቶ በላይ ከሆነ ወፍራም፣ ከ11 እስከ 14 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ8 እስከ 11 ከሆነ ቀጭን ይባላል። በቃ። አሳኢ ሲሸጥ የሚሸጠው ደረቁ ነገር ነው፣ የቀረው ውኃ ነው። እኛ የእህል እርጥበት ስንለካ የምናደርገው ነገር ነው፣ ውኃ በእህል ዋጋ ላለመግዛት።

ይህቺን ቁጥር ይዛችሁ ካፕሱሉን እንፍታው። መካከለኛውን፣ 12 በመቶ እንበል። አንድ ካፕሱል 500 ሚሊግራም ዱቄት ይይዛል እንበል፤ ብልቃጡ 60 ፍሬ አለው። 60 ሲባዛ በግማሽ ግራም፣ 30 ግራም ዱቄት። 30 ግራም ደረቅ ነገር የሚገኘው ከ250 ግራም ጭማቂ ነው። ማለትም ያ ሁሉ ብልቃጥ፣ ያ ሁሉ ዶላር፣ ቤሌም ውስጥ አንድ ብርጭቆ ነው። በአንድ ምሳ ግማሽ ሊትር የሚጠጣ ሰው ወደ 120 ካፕሱል በልቷል ማለት ነው። አባታችን በቀን ሁለት ሲወስዱ የሚያገኙት ከ10 ግራም ያነሰ ጭማቂ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይሄ ሁሉ ዱቄቱ ንጹሕ አሳኢ ከሆነ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

በውስጡ ምን አለ? የብራዚል የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ እንደሚለው፣ ምንም ያልተጨመረበት የቀዘቀዘ ጭማቂ በ100 ግራም 58 ካሎሪ፣ ወደ 4 ግራም ቅባት፣ 6 ግራም ካርቦሃይድሬት (ከዚያ ውስጥ 2.6 ግራሙ ፋይበር)፣ ከ1 ግራም ያነሰ ፕሮቲን አለው። ስኳሩ ከቁጥር አይገባም። ለፍራፍሬ ይሄ ያልተለመደ ነው፤ ቅባቱ እንደ አቮካዶ ወይም ወይራ ዘንበል ይላል፤ ከቅባቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ኦሌይክ አሲድ የሚባለው ነው። ሐምራዊ ያደረገው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፣ በጥቁር ወይን ቆዳም በቀይ ጎመንም አለ። ጥሩ ምግብ ነው፣ አልክድም። ፋይበር አለው፣ ጥሩ ቅባት አለው፣ ያጠግባል።

ግን ያው ሰንጠረዥ ሌላ መስመርም አለው። በጓራና ሽሮፕና በግሉኮስ የተጣፈጠው አሳኢ በ100 ግራም 110 ካሎሪና ከ21 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። ቅባቱ ያው ነው፣ የጨመረው ስኳሩ ነው። በሪዮም በአሜሪካም በጎድጓዳ ሳህን እንደ አይስክሬም የሚበላው ባብዛኛው ይሄኛው ነው፤ ከላዩ ሙዝ፣ ማር፣ ግራኖላ ይደረብበታል። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያላችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ስኳር ያለበት ሰው «አሳኢ ነው» ብሎ ያንን ሳህን ቢጨርስ፣ የበላው ጣፋጭ ነው።

ታዲያ «ሱፐር ፉድ» የሚለው ከየት መጣ?

ከላቦራቶሪ ነው የጀመረው። የአንድን ምግብ አንቲኦክሲዳንት በብልቃጥ ውስጥ የሚለካ «ኦራክ» የሚባል ነጥብ ነበር፤ አሳኢ እዚያ ላይ ከፍተኛ ቁጥር አመጣ። ነጋዴው ቁጥሯን ይዞ ሮጠ። ነገር ግን ብልቃጥና የሰው ሆድ አንድ አይደሉም፤ የበላነው አንቶሲያኒን ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 የኦራክ ሰንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሳው። አንዱ ምክንያት ኩባንያዎች ቁጥሩን ለማሻሻጫ ስለተጠቀሙበት ነው። እዚህ ላይ የምትይዙት ነገር፣ እስከዛሬ ያንን ነጥብ ፓኬቱ ላይ የሚጽፍ ሻጭ ከ2012 ወዲህ አላነበበም፣ ወይም አንብቦ ዝም ብሏል።

በሰው ላይስ? ሁለት ጥናት ልንገራችሁ፣ እንዴት እንደሚነበቡም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አለ። ክብደታቸው ከፍ ያለ 10 ሰዎች ለአንድ ወር በቀን ሁለት ጊዜ 100 ግራም አሳኢ በሉ፤ የጾም ስኳራቸውና ኮሌስትሮላቸው ትንሽ ወረደ። ሻጮች የሚጠቅሱት ይሄንን ነው። ግን 10 ሰው ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ሰው ጥናት ውስጥ ሲገባ አበላሉን ያስተካክላል፣ ከየትኛው እንደመጣ በምን ይለያል? በ10 ኬሻ ናሙና የአንድ ወረዳ ምርት ደረጃ አናወጣም። በ2018 የታተመው ደግሞ 37 ሰዎች ላይ 12 ሳምንት የተሠራ፣ ማነጻጸሪያም የነበረው ነው። በደም ውስጥ ያሉ አንዳንድ የብግነትና የኦክሲዴሽን ምልክቶች ተሻሻሉ፤ ስኳርና ኮሌስትሮል ላይ ግን ለውጥ አልታየም። እህታችን፣ የአንቺ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ጥናት በቀን 200 ግራም ነው፤ በካፕሱል ብንመልሰው በቀን ወደ 48 ፍሬ ይሆናል። አባታችን ሁለት ነው የሚወስዱት።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የገበያ ነው፣ እናንተ ከእኔ በላይ ትረዱታላችሁ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጭማቂው ቀዝቅዞ ወደ ካሊፎርኒያ መጓዝ ጀመረ። በ2005 አካባቢ ሞናቪ የሚባል የዩታ ኩባንያ አሳኢ ከሌሎች ፍራፍሬዎች ጋር የተቀላቀለበትን ጭማቂ በኔትወርክ ማርኬቲንግ ሸጠ፣ ጠርሙሱን 40 ዶላር አካባቢ። ሰው ከስሩ ሰው እያስገባ። ይሄን ሞዴል አዲስ አበባም ታውቀዋለች፣ ስም አልጠራም። ኩባንያው በ2015 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ተወረሰ። በ2009 ኦፕራ ዊንፍሬይና ዶክተር ኦዝ ስማቸውን ያለ ፈቃድ አሳኢ ለማሻሻጥ የተጠቀሙ ብዙ ድርጅቶችን ከሰሱ። በ2011 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የዜና ድረ ገጽ መስለው «ጋዜጠኛዋ አሳኢ ሞክራ ከሳች» የሚል የፈጠራ ዜና የሚያሰራጩ 10 ሻጮችን ፍርድ ቤት አቆመ። «ነጻ ናሙና» ብለው ካርድ ቁጥር ከወሰዱ በኋላ በየወሩ ገንዘብ የሚቆርጡም ነበሩ። ክብደት ይቀንሳል የሚለው ማረጋገጫ ያልተገኘለት ነው፤ እሱን እዚሁ እንዝጋው።

አሁን ወደ ደኅንነቱ። ስለ አሳኢ «ጎጂ ነው» የሚል ሰው እምብዛም አታገኙም፣ በመጠኑ ለሚበላው ጤነኛ ሰውም ጎጂ አይደለም። ነገር ግን አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ዱቄት ሻጮች ጨርሶ አያነሱትም።

በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ቻጋስ የሚባል በሽታ አለ። ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 ነው ያወቀው። የሚያመጣው ተህዋስ የኛን ከብት ገንዲ ከሚያመጣው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። የሚያዛምተው ማታ ማታ ደም የሚመጥ ተባይ ነው፤ ፊት ላይ ስለሚነክስ ብራዚሎቹ «ፀጉር አስተካካይ» ይሉታል። ይህ ተባይ ዘንባባ ላይ ይኖራል፣ ከፍሬው ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ሳይታይ አብሮ ይጨመቃል። ያልተቀቀለ ጭማቂ የጠጣ ሰው ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳትና የፊት እብጠት ሊይዘው ይችላል፤ ካልታከመ ከዓመታት በኋላ ልብን ያደክማል፣ ይገድላልም። በፓራ በዚህ መንገድ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሠፈር የታመሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ወደ ውጭ የሚሄደው ሳይሆን እዚያው ያለው ድሃ ነው የሚጎዳው።

መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው የሚገርመው። የፓራ መንግሥት በ2012 ባወጣው ደንብ መሠረት ጨማቂው ፍሬውን ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ 10 ሰከንድ ነክሮ ወዲያው ማቀዝቀዝ አለበት። 10 ሰከንድ! ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ብቻ ግን አይበቃም፤ ተህዋሱ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። ወደ ውጭ የሚላከው ጭማቂ በአብዛኛው ፓስቸራይዝ የተደረገ ነው፣ ስለዚህ ካፕሱል የሚወስዱት አባታችን በቻጋስ አይስጉ።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ አሳኢ ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን በብዛት አለው። ማንጋኒዝ በኤምአርአይ ምስል ላይ ስለሚታይ፣ ኤምአርአይ የታዘዘለት ሰው አሳኢ እንደሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር።

ወደ ሰሊጥ ነጋዴው ወንድማችን ልመለስ። ልላክ ወይ ብለሃል። ቅድሚያ ክፍያውን ያዝና መጀመሪያ የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቅ። የምትፈልገው አንድ ቁጥር ነው፣ ቅባት። አቀዝቅዘው ያደረቁት ንጹሕ የአሳኢ ዱቄት ከ100 ግራም ውስጥ ወደ 32 ግራም ቅባት አለው፣ ፋይበሩም ወደ 44 ግራም ነው። «ቅባት 4፣ ካርቦሃይድሬት 85» የሚል ወረቀት ከመጣልህ፣ ዘይቱ ሆን ተብሎ የወጣለት ካልሆነ በቀር፣ የምትገዛው ማልቶዴክስትሪን ነው፤ ከስታርች የሚሠራ ነጭ ዱቄት፣ ጭማቂ በሙቅ አየር ተረጭቶ ሲደርቅ እንዳይጣበቅ የሚጨመር። በልኩ ሲሆን የአሠራሩ አካል ነው፤ ሲበዛ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባው ሙዝ ነው። ቀለሙ አያታልልህ፣ ሐምራዊ ማድረግ ቀላል ነው።

ሁለተኛ፣ ቅባት ያለው ዱቄት ይሻግታል፤ ቀለሙም በሙቀትና በብርሃን ይጠፋል። ኮንቴይነርህ ጅቡቲ ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት ቢቆም ስትከፍተው ምን እንደሚሸትህ አስብ፤ አንተ ሰሊጥ ታውቃለህ፣ ዘይት ያለው ዕቃ ጠባዩን ታውቃለህ። ሦስተኛ፣ የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚገባ ዕቃ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ካልተመዘገበ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ «እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚልህ ሰው የሚጨርሰው ገንዘብህን ነው። ያንን ሁሉ አልፈህ ብትሸጥም፣ ፓኬቱ ላይ ስኳር ያድናል ብለህ እንዳትጽፍ። እንደ እህታችን አባት ያለ ሰው ገዝቶ ኪኒኑን ቢተው በማን ላይ ነው የሚሆነው?

ዋጋው በአገሩ ምን አደረገ የሚለውን ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። ሁለት ፊት አለው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዛፉ ዋጋ ፍሬው ሳይሆን ለጋ ልቡ ነበር፤ ለቆርቆሮ ፋብሪካ ሲባል ዛፉ ይቆረጥ ነበር። ፍሬው ሲወደድ መቁረጡ አላዋጣም፣ ዛፉ ተረፈ። በሌላ በኩል ገበሬው ሌላውን ዛፍ እየነቀለ አሳኢ ብቻ መትከል ጀመረ፣ ጫካው ሳሳ። የቤሌም ድሃም በክረምቱ ወፍራሙን መግዛት እያቃተው ቀጭኑን ይጠጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል የፈራችው ይህንኑ ነበር። የትኛው ይሻላል በሚለው በአስተያየት መስጫው ላይ ተከራከሩ፤ እኔ በግሌ ክልከላ ገበሬውን የሚጎዳ ይመስለኛል፣ ግን የሚቃወመኝን ሰው ምክንያት አነባለሁ።

ወንድማችን፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ሲመጣልህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ነገ ጠዋት የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በሰዓቱ ይለጠፋል።